ከላይ የሚፈስ ውሃ

አራት ነበርን። ሚስተር ጎፓል ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆመዋል። ባለቤታቸው ሱሺላ ምድጃው ፊት ናት፤ የሰናፍጭ ፍሬ በዘይት እየጠበሰች ፊቷን ወደ እኛ አላዞረችም። ልጃቸው አኒታ ከሥራ እንደመጣች ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩን ተደግፋለች። እኔ በዕድሜዬ ወንበር ተሰጥቶኝ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ሜድስቶን ሰፈር ውስጥ፣ ከእኔ ቤት በአንድ አጥር በሚለየው ወጥ ቤታቸው ነው። ውጭ ሲያካፋ ውሏል።

የጠራችኝ አኒታ ናት። እኛ ዘንድ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ እንደሚላክ አንድ ጊዜ አጫውቻት ነበር። ያንን ይዛ አጥር ላይ መጣችና «አንቲ፣ ሽማግሌዬ ይሁኑልኝ» አለችኝ። ሽማግሌ የሚላከው በወንዱ በኩል ነው፣ ያውም ወንዶች ናቸው የሚሄዱት አልኳት።

«ግድ የለም፤ እዚህ ሜልበርን ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አኒታ ነርስ ናት። አብሯት የሚሠራ ቪጃይ የሚባል ህንዳዊ ልታገባ ትፈልጋለች። አባቷ መጀመሪያ ህንዳዊ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ የቤተሰቡን ስም ጠየቁ። ስሙን ይዘው አገር ቤት፣ ፑኔ ላለው ወንድማቸው ደወሉ። የልጁ አያቶች ቆዳ ፋቂዎች እንደነበሩ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ የሠርግ ወሬ ቀረ።

ሚስተር ጎፓል ክፉ ሰው አይደሉም። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ሣሬን ማንም ሳይጠይቃቸው ያጭዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የህንድን ፖለቲካ እንደ ጸሎት ሰዓት ጠብቀው ይከታተላሉ፤ ቴሌቪዥናቸው ውስጥ አራት ሰዎች በአራት መስኮት ሆነው ሲጯጯሁ ድምፁ እኔ ቤት ይደርሳል። እዚህ አገር ምርጫ በሚደረግበት ቅዳሜ አንድ ላይ ሄደን ትምህርት ቤቱ ግቢ እንሰለፋለን። ሌላው ሰው እንደ ልማዱ ግቢው ውስጥ የሚጠበሰውን ቋሊማ በዳቦ ሲገዛ እሳቸው ሥጋ ስለማይበሉ የተጠበሰ ሽንኩርት ብቻ በዳቦ ያስደርጋሉ። እሱን እየበሉ የአገራቸውን መሪዎች ይወቅሳሉ፤ ሕዝቡን በሃይማኖት ከፋፈሉት፣ በዘር ከፋፈሉት፣ ለድምፅ ሲሉ የሞተውን ነገር ቀሰቀሱት ይላሉ። እኔ እሰማለሁ። የራሴም አገር ነገር ከዚህ የራቀ ስላልሆነ በሌላው ላይ የምናገርበት አፍ የለኝም።

የዚያን ዕለትም ያንኑ አነሱ።

«ሰውን በወገኑ መለየት በሕግ የተከለከለ ነው» አሉ። «እኔ ሰው አልንቅም። ከእሱ ወገን የሆነ አለቃ ነበረኝ፤ ቁርስ አብረን እንበላ ነበር።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ ፓፓ?» አለች አኒታ።

«እኔንማ ምን ይቸግረኛል። ዘመድ አለ።»

«ዘመድህ ያለው ፑኔ። እኔ የምኖረው ሜድስቶን።»

ሱሺላ ጭልፋውን አስቀመጠች። አባትና ልጅ ወደ እኔ ተመለከቱ። ሽማግሌ እንደሚያደርገው መማለድ አልቻልኩበትም። ትዝ ያሉኝ አንድ ህንዳዊ አስተማሪዬ ብቻ ናቸው። ስለ እሳቸው ተናገርኩ።

በጎጃም አንዲት ትንሽ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ህንዳውያን አስተማሪዎች ነበሩ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ አንዱን ያስታውሳል። የእኛው ሚስተር ቶማስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ከገበያው በላይ በተከራዩት አንድ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ማታ ማታ ሩዝ ሲቀቅሉ የእርዱና የቃሪያው ሽታ እስከ መንገዱ ይወርድ ስለነበር፣ ከወፍጮ ቤት ስንመለስ ምን እየበሉ እንደሆነ እንከራከር ነበር።

መስከረም አልፎ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ነው። ሚስተር ቶማስ ስለ አገራቸው በጂኦግራፊ ትምህርት ይነግሩን ነበር፤ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ ሩዝ እርሻው። ሙሉጌታ የሚባል አፉ የማያርፍ ልጅ እጁን አወጣ።

«ሰር፣ ህንድ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር አብሮ አይበላም ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አሉ። ጠመኔውን አስቀመጡ። «እኔ ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤታችን ጉድጓድ ውሃ መቅዳት አይፈቀድልኝም ነበር። የወገኔ እጅ ገመዱን ከነካው ውሃው ረከሰ ይባላል። ሌላ ልጅ ይቀዳና ከላይ ያፈስልኛል። እኔ ከሥር በእፍኜ ተቀብዬ እጠጣለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። ነገሩ ተረት መስሎን ነው።

«ታዲያ እንዴት አስተማሪ ሆኑ?» አለ ሙሉጌታ።

«ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ጥም ይቆርጣል።»

ደወል ተደወለ። በግቢያችን መሐል፣ ከዋርካው ሥር የውሃ በርሜል አለ። በሰንሰለት የታሰረ አንድ ጣሳም አለ። እንደወትሮው ተጋፍተን በተራ ጠጣን። በመጨረሻ የሻረግ መጣች። የሻረግ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ እናቷ ቅዳሜ ገበያ ላይ ድስትና እንስራ ትሸጣለች። የእናቷ ድስት የሌለበት ቤት አልነበረም፤ በእናቷ ቤት እህል የቀመሰ ሰው ግን አልነበረም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባል ነበር። ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ትቀመጣለች። በትምህርት ግን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች፤ የስምንተኛን ፈተና አልፋ መምህርት ለመሆን እንደምትፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። እንድታልፍ አንዳንዱ ይመኝላታል፣ አንዳንዱ ይስቃል።

ዘበኛው አያ ውቤ ጣሳውን ከበርሜሉ ሞላና ከፍ አድርጎ አፈሰሰላት። እሷ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ተቀብላ ጠጣች። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነው። ማንም አያየውም ነበር፤ ዓይናችን ፊት ስለሆነ። አያ ውቤም ደግ ሰው ነበር፤ ውሃ ነሥቷት አያውቅም።

ሚስተር ቶማስ ከቢሮው በር ላይ ሆነው አዩ። እዚያ ለስንት ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው ወርደው መጡ፤ መጽሐፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ከየሻረግ ጎን ጎንበስ አሉና ሁለት እጃቸውን አጣምረው ዘረጉ።

«ሰር፣ ለእርስዎማ ጣሳው አለልዎት» አለ አያ ውቤ፤ ደነገጠ።

«አፍስስ» አሉ በአማርኛ። ከሚያውቋቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዷ ነበረች።

አፈሰሰላቸው። የሸሚዛቸው እጅጌ ረጠበ። የሻረግ ጠጥታ ስትጨርስ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ሄደች፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕረፍቱ እንደዚያው ጠጡ። ስብከት አልሰበኩም፤ ክፍል ውስጥም ነገሩን ዳግመኛ አላነሱትም።

ትንሽ ከተማ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ያልሰማ የለም። ማታ እናቴ ሽሮ እያማሰለች አነሣችው።

«የሰው አገር ሰው ነው፤ ሳያውቅ ነው» አለች።

«ያውቃሉ እማዬ። እሳቸውም አገራቸው እንደዚያው ነበሩ።»

«ካወቀ ለምን ይመለስበታል?» አለችና ወደ ምድጃው ዞረች። እናቴ በነገሩ ያዘነች ይመስለኛል፤ ግን ያዘነችው ለማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ወላጆች ተሰበሰቡ። ህንዱም ያው ነው፣ እንደ እሷ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ልጆቻችንን እናስቀራለን፣ ወይም ልጅቷ ትቅር አሉ። ዲሬክተራችን አስታራቂ ሰው ነበር። ሰኞ ጠዋት ከባንዲራ በኋላ የሻረግን ጠርቶ አበባ የተሳለበት አዲስ ኩባያ ሰጣት። ለእሷ ብቻ የተገዛ ነው። ከዚያ ከዛገው ጣሳ ጋር ሲተያይ እንዴት ያምር ነበር። አጨበጨብን። ወላጆች ደስ አላቸው፣ አያ ውቤም ለእሷ ከማፍሰስ ዐረፈ፤ በርሜሉ ዘንድ እየሄደ ኩባያዋን ይሞላላታል። ልጅቷ አልተባረረችም፣ ማንም አልተሰደበም፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ።

የሻረግ ኩባያውን ተቀበለች። ትምህርቷን ትፈልግ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በእሱ ጠጥታ ፈተናውን አለፈች። ሚስተር ቶማስ ግን በእፍኛቸው መጠጣቱን አልተዉም። ዋርካው ሥር ብቻቸውን ጎንበስ ሲሉ የሻረግ ኩባያዋን ይዛ ከወዲያ ማዶ ቆማ ታያቸው ነበር። ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ ለማንበብ ያኔ ዕድሜዬ አልፈቀደም። ሰኔ ላይ ሚስተር ቶማስ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አብዮቱ መጣ፤ ሁሉም ሰው እኩል ነው ተባለ፣ የሸክላ ሠሪን ልጅ በዚያ በድሮው ስም መጥራት የሚያስቀጣ ሆነ። ስሙ ከሰው አፍ ጠፋ። ሰው ግን ልጁን ሊድር ሲል አጎንብሶ ዘር መጠየቁን አልተወም። ሚስተር ጎፓል ስለ አገራቸው ሕግ ሲነግሩኝ የማምናቸው ለዚህ ነው። ሕጉ አለ። መሪዎቹም የሚሉትን ይላሉ። ሰው ግን ለማዕድ ሲቀመጥ ሕግ አጠገቡ አይቀመጥም።

በዚያ ወጥ ቤት የተናገርኩት ሚስተር ቶማስ በእፍኛቸው እስከ ጠጡበት ድረስ ነው። የኩባያውን ነገር አልጨመርኩም፤ በእንግሊዝኛዬ ለማስረዳት ከበደኝ። ሚስተር ጎፓል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉት።

«ጥሩ ሰው ነበሩ» አሉ። «እኔም ድንጋይ አይደለሁም።» ወደ አኒታ ዞሩ። «ልጁ ይምጣ። እሑድ እዚህ ይብላ። ሠርጉንም እኔ እደግሳለሁ፤ አዳራሹን፣ ምግቡን፣ ሁሉንም።»

ሱሺላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድጃው ዞረች። እጇን በቀሚሷ ላይ እያበሰች ልጇን አየቻት፤ ፊቷ በራ።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ሚስተር ጎፓል። ድምፃቸው ለስለስ አለ፤ እየለመኑ ነበር። «ወላጆቹ ከህንድ ባይመጡ። ወንድሜና ዘመዶቼ ይመጣሉ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አልችልም። ማንንም አናሳዝንም። ቪዛ ተከለከሉ እላለሁ፤ ቪዛ የማይከለከል የለም።»

ሱሺላ ልጇን ማየቷን አላቆመችም፤ በዓይኗ እሺ በይ የምትላት ይመስል ነበር። ወደ እኔም አየች። ሽማግሌ ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ ተነሥቼ ማመስገን ነበረብኝ፤ ግማሹን ካገኙ በኋላ ሌላውን ግማሽ ቀን ያመጣዋል ብሎ ማስማማት የሽማግሌ ሥራ ነው። በዕድሜዬ ሁሉ ሰዎች እንደዚያ ሲታረቁ አይቻለሁ፤ ብዙው ቤት የቆመው በዚያ ነው። ግን የሻረግ ኩባያውን ስትቀበል አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ የምትሄድበትም ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረም። አኒታ የራሷ ደሞዝ አላት። ስለዚህ እሺ በይ አላልኳትም።

አኒታ የካፖርቷን ቁልፎች ከታች ጀምራ ቆለፈች።

«ቪዛቸው ወጥቷል ፓፓ» አለች። «ትናንት።»

ወደ እናቷ ሄዳ ግንባሯን ሳመቻት። እኔንም በትከሻዬ ያዝ አደረገችኝ። አባቷ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቦርሳዋን አነሣች፤ በኮሪደሩ አልፋ የፊቱን በር ከፍታ ወጣች።