ደህና ናት ያልኳት መኪና

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለእናቴም አልነገርኳትም። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳን እዚህ ነገር ላይ ስደርስ አድበስብሼ ነው የማልፈው፤ አላህ የማያውቅ ይመስል። አሁን የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ዝም ማለቱ ስለከበደኝ ነው። የበደልኩት ሰው ጋሼ ይማም ይባላሉ። የሐይቅ ሰው ናቸው፤ እኔም የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን የሚለያየው በአንድ አጥር ነው።

ከሳውዲ ባዶ እጄን ተመልሼ ሥራ ፈትቼ ከቆየሁ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የጭነት ድርጅት ተቀጠርኩ። የለውጡ ሰሞን ነበር። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ለውጥ ነው፤ መንገዱ ግን ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ነበር። ድርጅቱ ሁለት ክፍል ነበረው። የወደብ ክፍሉ ከጅቡቲ ዕቃ ያመጣል። የአገር ውስጥ ክፍሉ ደግሞ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ እስከ ወልዲያ ማዳበሪያና ዱቄት ያደርሳል። አዲስ ሹፌር የሚመደበው አገር ውስጥ ነው፤ አሮጌዎቹ መኪኖችም ያሉት እዚያው ነው። የኔ ዓይን ግን ወደብ ላይ ነበር። የወደብ ሹፌሮች አዳዲስ መኪና ይይዛሉ፣ ሐይቅ ላይ ምሳ ሊበሉ ሲቆሙ የሰፈር ልጅ ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። እኔም እንዲህ መታየት ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ የታመመ ሰው የለኝ፣ የራበው ልጅ የለኝ። ሰው እንድባል ፈልጌ ብቻ ነው።

ታዲያ አዲስ ሹፌር ክፍል መቀየር የሚችለው የሚለዋወጠው ሰው ካገኘ ነው። እሱ የኔን መኪና ይረከባል፣ እኔ የሱን። ሁለቱም መኪና ሥራ ላይ ያለ መሆን አለበት፤ መኪናው ጋራዥ ከገባ ልውውጡ ይቀራል። ጋሼ ይማም የወደብ ሹፌር ነበሩ። ኩላሊታቸውን ያማቸው ነበርና ሐኪም የአፋሩን ሙቀት ይተዉ ብሏቸዋል። በዚያ ላይ በቤታቸው ደጃፍ እያለፉ፣ ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ የሠሩላቸውን እየበሉ መሥራት ፈልገዋል። ልውውጡን ስጠይቃቸው ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁኝ።

የኔ መኪና ግን አመል ነበረባት። የተሳቢዋ ፍሬን ሲግል አይይዝም። ባዶዋን ከሆነች ምንም አትልም። ሙሉ ጭነት ይዛ ከውጫሌ በታች ያለውን የአምባሰልን ቁልቁለት ስትወርድ ነው ጉዷ የሚወጣው። ሁለት ጊዜ እምቢ ብላኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በዝግታ እየነዳሁ ስለነበር ተረፍኩ። አውቅ ነበር። ይህን ደግሜ ልበለው፦ አውቅ ነበር። ያኔ በዶላር እጥረት መለዋወጫ የሚባል ነገር ጠፍቶ ስለነበር፣ ጋራዥ የገባ መኪና ጎማው ሥር ሣር እስኪበቅል ይቆማል። ፍሬኗ ታማለች ብል መኪናዋ ትቆማለች፣ ልውውጡ ይቀራል፣ ጋሼ ይማምም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

እኛ ሹፌሮች ስንረካከብ አንድ ልማድ አለን። ማንም ጽፎ የሰጠን አይደለም። ተረካቢው መኪናዋን ሙሉ ጭኖ ይነዳል፣ አስረካቢው ጎኑ ይቀመጣል፣ አንድ ቁልቁለት አብረው ይወርዳሉ። መኪናዋ ምን ዓይነት እንደሆነች የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። እኔ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የፈራሁት ይህን ነበር። ጋሼ ይማም ግን ቁልፉን ተቀብለው ሳቁብኝ።

«ሙሄ፣ አንተን ደግሞ ልፈትሽ? ምን ነክቶኝ! ያሳደግኩህ ልጅ አይደለህ እንዴ?»

ለእሳቸው የአገር ልጅን መፈተሽ ነውር ነበር። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋትና ጎማዋን በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ፍሬኗስ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አልኩ።

ምነው ምላሴ በተሳሰረ? የፈጣሪን ስም ውሸቴ ላይ ማን ለጥፍ አለኝ? እሳቸው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው መንገዴ የቀና እንዲሆን ዱዓ አደረጉልኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። እያወቅኩ አሚን አልኩ።

ወር ሳይሞላ እኔ ጅቡቲ ላይ ወረፋ እየጠበቅኩ ሳለ ስልክ ተደወለልኝ። ጋሼ ይማም ማዳበሪያ ጭነው ያንኑ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አላቸው። ከፊታቸው ከገበያ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበርና መሪውን ወደ ተራራው ግድግዳ አዙረው አጋጯት። ሰው አልሞተም። የእሳቸው ቀኝ እግር ግን ጋቢናው ውስጥ ተጨፍልቆ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ሄደው አያውቁም።

የድርጅቱ አጣሪዎች ተቀምጠው እኔንም ጠሩኝ። ስታስረክብ ፍሬኑ እንዴት ነበር አሉኝ። አሁን እውነቱን ብናገር መኪናዋ ትቆማለች የምለው ሰበብ እንኳን አልነበረኝም፤ መኪናዋ ተሰባብራ ግቢ ውስጥ ተኝታለች። የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነው። ደህና ነበረ አልኩ። እነሱም ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፣ ማርሽ ሳይቀንስ ነው የወረደው ብለው ወሰኑ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያለ አንዲት ጭረት የነዱ ሰው በእርጅና ጥፋተኛ ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ።

ልጠይቃቸው ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። አያችሁ ድፍረቴን? ጋሼ ይማም አልጋ ላይ ሆነው እጃቸውን እያገላበጡ ያዩ ነበር።

«ሀቂቃውን ልንገርህ ሙሄ፣ ማርሽ የቀነስኩ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ሰዎቹ አልቀነስክም ሲሉኝ ግን እኔም ተጠራጠርኩ። እጄ ከድቶኝ ይሆናል። እርጅና ነው።»

«ያን ቀን ሐሳብ ገብቶት ነበር» አሉ እትዬ ዘይነባ፤ እኔን ለማጽናናት እኮ ነው። «አብሽር አንተ፣ ፊትህ ምነው እንዲህ ጠቆረ?»

እግራቸውን መስበሬ አንድ ነገር ነው። በገዛ እጃቸው ላይ ያላቸውን እምነት የነጠቅኳቸው ግን እዚያ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ ይመለስላቸው ነበር። እኔ ብርቱካን ልጬ አበላኋቸው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሰሜን የሚሸሸው ሕዝብ ሐይቅ ደረሰ፣ ቀጥሎ የሐይቅም ሰው ተነሣ። እኔ ባዶ መኪና ይዤ ሰፈር ነበርኩ። ተሳቢው ላይ ጎረቤቱን ሁሉ ጫንኩና ጋሼ ይማምን ከነምርኩዛቸው ጋቢና አስገባኋቸው። ደሴን አልፈን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጀምር ክንዴን ያዙኝ።

«የኔ ልጅ፣ ማርሽህን ቀንስ። ሰው ጭነሃል። እኔን ያየህ ተቀጣ።»

እሺ ጋሼ አልኩ። ማርሽ ቀነስኩ። ካልሠሩት ጥፋት ተነሥተው እኔን ሲመክሩ፣ ከጎኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው፣ እሺ ብቻ አልኩ። ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣ ነበር?

ሐይቅ ከተመለስን በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ኩላሊታቸው ጸናባቸው። የቀብራቸው ዕለት መካነ መቃብሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኔ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። እንደ አገራችን ወግ ከመቀበራቸው በፊት ወንድማቸው ቆመው ተናገሩ፦ «ጀመዓ፣ ይማም ላይ ሐቅ ያላችሁ ተናገሩ፤ ያስቀየማችሁም ካለ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት።»

ሰዉ ሁሉ «አውፍ ብለናል» አለ። እኔም ድምፄን ከሰው ጋር አሰማሁ። አውፍ ብያለሁ አልኩ። ጋሼ ይማምን ይቅር አልኳቸው፤ እኔ። የሞተው ሰው በሕይወት ባሉት ላይ ሐቅ ያለው እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም፤ ወጉም አይደለም። አፈር ሲመለስ እኔም ሦስት እፍኝ መለስኩ።

እናንተን አውፍ በሉኝ አልልም፤ ሐቁ የእናንተ አይደለም። የሰውን ሐቅ አላህም ቢሆን ባለቤቱ ይቅር ካላለ እንደማይምረው ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ። ባለቤቱ አፈር ውስጥ ናቸው። ብቻ ይህን እወቁልኝ፦ ጋሼ ይማም ያን ቀን ማርሽ ቀንሰው ነበር። እጃቸው አልከዳቸውም። ፍሬኑ እንደማይዝ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም እኔ ነበርኩ።

እትዬ ዘይነባ አሉ። አሁንም አርጅቶ መኪና ያጋጨ ሰው ሚስት ናቸው፤ እሳቸውም እንደዚያ ብለው ያምናሉ። ይህን ከሌላ ሰው ሳይሰሙት ሄጄ ፊት ለፊት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ዛሬም ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ ሰላም ብለውኛል። አልገባሁም።