አምስት ሲሲ

ጊንጪ ክሊኒክ ውስጥ ስምንት ዓመት ድሬሰር ሆኜ፣ ቁስል እያጠብኩና መድኃኒት እያደልኩ ስሠራ ሽሮፕ የማዝዘው በማንኪያ ነበር። «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ» እላለሁ፤ ሰዉም «ገለቶማ፣ ሐኪም» ብሎ አመስግኖኝ ይሄዳል።

ከዚያ ከአዲስ አበባ አንዲት ወጣት ነርስ ተመደበች። ከሻንጣዋ የአረቄ መለኪያ የሚያህል፣ ጎኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያሉበት ብርጭቆ አወጣች። ሽሮፑን በሲሲ እየለካች እናቶቹ ከቤት ከሚያመጡት ማንኪያ ጋር ታስተያያለች። ወር ሳይሞላ ሰልፉ ወደ እሷ በር ዞረ። እግራቸውን ለዓመታት ያከምኳቸው አንድ የእንጭኒ ሽማግሌ በፊቴ አልፈው፣ «በብርጭቆ የምትለካዋን ነው የምፈልገው» አሉ። 

አንድ ቀን ምሳ ስትወጣ ብርጭቆዋን ከላይኛው መደርደሪያ ከአዮዲን ጠርሙሶች ኋላ ሸሸግኩት።

«ጋሼ፣ መለኪያዬን አይተዋል?»

«እኔ በምን አውቄ!»

በማግስቱ አንዲት እናት የሰባት ወር ልጇን አቅፋ መጣች። ከአንድ ቀን በፊት «ልጄን ሳል ይዞታል» ብላኝ፣ እንደ ልማዴ «አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ» ብዬ ሽሮፕ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። ሕፃኑ ቢጠሩት፣ ቢነካኩት አይነቃም። ነርሷ ልጁን መረመረችና፣ «በምንድን ነው ያጠጣሽው?» አለቻት። ሴትዮዋ ከመቀነቷ ትልቅ የቀንድ ማንኪያ አወጣች። ነርሷ ማንኪያውን ውኃ ሞልታ በስሪንጅ ሳበችው።

«አሥራ ሁለት ሲሲ» አለች ቀስ ብላ። «የሻይ ማንኪያ አምስት ነው፤ ያውም ለትልቅ ሰው።»

ልጁ ከሰዓት በኋላ ነቅቶ እስኪጠባ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። እሷ ለኃላፊያችን ምንም አልተናገረችም። ብትከሰኝ ይቀለኝ ነበር፤ ደግነቷ ቅናቴን አባሰው።

ቢሆንም ብርጭቆውን አውርጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። «እኔ ነኝ የደበቅኩት» አልኳት።

ብርጭቆውን አነሳችና ውኃ ቀዳችበት። «ዝቅ ይበሉ ጋሼ፤ ዓይንዎ ከመስመሩ እኩል ካልሆነ ያሳስትዎታል።»

በሽተኛ እያየኝ ጎንበስ አልኩ።

በዓመቱ ወደ አምቦ ተዛወረች። እኔም እንደ እሷ እየለካሁ መስጠት ያዝኩ። አንዲት ባልቴት አለካኬን ስታይ ቆይታ፣ «ያቺ ልጅ ናት ያስተማረችህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። እውነት ነው፤ ግን ዓይኔን ከመስመሩ አንስቼ ልላት አልፈለግኩም።