በእጅ ያልተጻፈው ማመልከቻ

ጎንደር ውስጥ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። ስጀምር አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላና እስክሪብቶ ነበረኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር፤ ዳኞች ሳይቀሩ "ይቺ የማን እጅ ናት?" ይሉ ነበር አሉ። ኋላ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁና አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ፤ በሯም ላይ "በኮምፒውተር ይጻፋል" ብዬ ለጠፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሁሉ ኋላ ቀር መሰለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ አብጦ ነበር።

ሴትዮዋ የመጣችው ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። እኩያዬ ናት፣ ባሏ የሞተባት። የባሏ ወንድም "የአባቴ መሬት ነው" ብሎ እርሻዋን ነጠቃት፤ የታችኛው ፍርድ ቤትም ለእሱ ፈረደለት። የቀራት ተስፋ ይግባኝ ብቻ ነበር፣ የይግባኙ ጊዜ ደግሞ የሚያልቀው በዚያ ሳምንት ሐሙስ ነው። ረቡዕ ከሰዓት የምትለውን ሁሉ ሰምቼ ጻፍኩላት። ላትመው ስል መብራት ድርግም አለ። "ነገ በጠዋት ነይ፣ አትመን እናስገባለን" አልኳት። ዘመድ ቤት አድራ በማለዳ ከተፍ አለች።

ኮምፒውተሩ ግን አልከፈትም አለ። ጥቁር ገጽ፣ አንዲት ነጭ መስመር፣ ከዚያ ዝም። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ ጎኑን በጥፊ አልኩት። ምንም። ድንገት የጠፋው መብራት ሲስተሙን እንዳበላሸው ገባኝ። ጽሑፎቼን የማስቀምጠው ሲስተሙ ካለበት ቦታ ለይቼ ስለሆነ አይጠፉም፤ ሲስተሙን እንደገና ከጫንኩ ማመልከቻዋን አገኘዋለሁ አልኩ። መጫኛ ሲዲም ነበረኝ። አንድ ባለሙያ ሲጭን ደግሞ አንዴ አይቻለሁ። አንዴ ማየት አይበቃም እንዴ? ድንቄም ባለሙያ!

ሲዲውን ከተትኩት። ኮምፒውተሩ ዞር ብሎም አላየውም፤ ያው ጥቁር ገጽ። አንድ ሰዓት ያህል ስታገል ቆይቼ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ሲዲውን እንዲያነብ ማዘዝ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። አዘዝኩት። ሲዲው እየጮኸ መዞር ጀመረ። "ከሲዲ ለመነሳት ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ተጫንኩ። ሰማያዊ ገጽ ተከፈተና ፋይሎቹን መገልበጥ ያዘ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ሸጋ ነው?" አለች ከበርጩማዋ ላይ።

"ሸጋ ነው። አሁን ያልቃል።"

ገልብጦ ሲጨርስ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። ያው ጽሑፍ መጣ፣ ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ። እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ፈርሙ ሲሉኝ እፈርማለሁ፣ ተጫኑ ሲሉኝ እጫናለሁ። ተጫንኩ። መጫኑን ከሀ ጀመረው። የተሳሳተ ነገር የነካሁ መስሎኝ እስኪጨርስ ጠበቅሁት። እንደገና ጠፋ፣ ተነሳ፣ ጠየቀኝ፣ ተጫንኩ። እንደገና ከሀ። እያንዳንዱ ዙር አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሲዲው ቆሻሻ ይሆናል ብዬ አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፣ የሸጠልኝንም ሰው ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሴትዮዋ ቀስ ብላ፣ "ምነው እቴ፣ በእጅሽ ብትጽፊልኝ? ጽሕፈትሽ ያምራል ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች።

"በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም! ዘመኑ ተለውጧል!" ብዬ ጮህኩባት።

አይቀበሉም ያለኝ ማን ነው? ማንም። ጠይቄም አላውቅ። ነገሯ ከትናንት ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፣ ከምሳ በፊት ጽፌ እጨርሰው ነበር። ከጎኔ ባለው ክፍልም ሌላ ጸሐፊ ደህና ኮምፒውተር ይዞ ተቀምጧል። ግን ደንበኛዬን ይዤ "እባክህ ጻፍልኝ" ብዬ የእሱን በር ከማንኳኳት ሞት ይሻለኝ ነበር። ኩራት እራት ነው ይላሉ። የእኔ ኩራት የሌላ ሰው እራት ነበር የሚበላው።

እሷ ከዚያ በኋላ ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ምሳም አልበላችም። እኔ ቁልፍ ስጫን ዓይኗ ጣቴ ላይ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ተናድጄ ትቼው ወጣሁና ደጅ ቆሜ ፊቴን ታጠብኩ። ስመለስ ኮምፒውተሩ እኔ ሳልኖር ተነስቶ፣ ጥያቄውን ጠይቆ፣ መልስ ሲያጣ በራሱ መንገድ ቀጥሏል። ያኔ ነው የገባኝ። መጫን የነበረብኝ መጀመሪያ አንዴ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሳልነካ ብተወው ራሱ ይጨርሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ በገዛ ጣቴ ነው ወደ ኋላ ስመልሰው የዋልኩት። ወይ አለማወቅ! ጮኼ ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ እሷ ስለነበረች ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

መጫኑ ሲያልቅ ማመልከቻዋን ከነበረበት አገኘሁት። አትመን ወረቀቱን ይዘን እየሮጥን መዝገብ ቤት ስንደርስ ሠራተኛው በሩን እየቆለፈ ነው።

"ነገ" አለ።

"ነገ እኮ ጊዜው ያልፍብናል!"

"ታዲያ እስካሁን የት ነበራችሁ?"

ብብቱ ሥር የዕለቱን ማመልከቻዎች አቅፏል። ከላይ ያለው በእጅ የተጻፈ ነበር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሕፈት፤ የዚያ ቀን ማኅተም አርፎበታል። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም፤ በእጅ የተጻፈና በማሽን የታተመ ግን ትለያለች። ወረቀቱን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

ጊዜው ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ይግባኙን ዘግይቶ ለማስገባት ማስፈቀጃ ይጠይቃል። በማግሥቱ ማስፈቀጃውን ጻፍኩላት፤ አሁን በደንብ የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ። ምክንያት የሚለው ቦታ ስደርስ ቆምኩ። "ጸሐፊዋ በእጇ አልጽፍም ብላ" ተብሎ ይጻፋል? በዚህ በር ላይ ከዚያ በኋላ ማን ያጽፈኛል? "በጽኑ ታምሜ ከአልጋ ባለመነሳቴ" ብዬ ጻፍኩ። ለእሷ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ፣ የጸሐፊ ጥፋት ብንል አይሰሙንም። ውሸቴን ነው፤ ለስሜ ነው የፈራሁት። ሳነብላት ያቺን መስመር ዘለልኳት። ከታች "ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" የሚለው ሥር አውራ ጣቷን ቀለም ነክሬ አስፈረምኳት።

በቀጠሮዋ ቀን ችሎት ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛው ወረቀቱን ገለጥ አድርገው፣ "ምን አሞሽ ነበር?" አሏት።

"ማንን? እኔን?"

"ማመልከቻሽ ታምሜ ነው የቀረሁት ይላል።"

"ኧረ አላመመኝም ጌታዬ። እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በጠዋት መጥቼ እስኪመሽ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩ። የጸሐፊዋ የመጻፊያ ማኪና ተበላሽቶ ነው።"

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ያኔ ብድግ ብዬ "ውሸቱ የእኔ ነው፣ እሷ አታውቅም" ማለት ነበረብኝ። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ስቤ እዚያው ተቀመጥኩ። የቀረበው ምክንያት እውነት ሆኖ ስላልተገኘ ማስፈቀጃው ውድቅ ነው፣ መዝገቡ ተዘግቷል ተባለ። መሬቱም በዚያው ቀረ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እርግማን ነበር የጠበቅሁት፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ከመቀነቷ ውስጥ የማመልከቻውን ግልባጭ አውጥታ፣ እጥፋቱን ዘርግታ ሰጠችኝ።

"አሁን ሁሉንም አንብቢልኝ" አለች። "ሌላስ ምን ብያለሁ?"