ከጓዳው ደፍ ሥር ያለው ጠገራ

ሥራዬ ሰው መፈተሽ ነው። ሜክሲኮ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ በር ላይ ቆሜ ቦርሳ አስከፍታለሁ፣ ያቺን ጥቁር መፈተሻ በሰው ገላ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳልፋለሁ። ብረት ስታገኝ ትጮኻለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ" ስል ኖሬ፣ ስሜ ወይንሀረግ መሆኑን የሚያውቅ የሕንጻው ሰው ከሦስት አይበልጥም። "ፈታሿ" ነው የሚሉኝ። ይበሉ! እኔም የነሱን ስም አላውቅም፤ የቀበቷቸውን ዘለበት ግን አውቀዋለሁ።

ሳዲያን የማውቃት ከዚያ ሥራ በፊት ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳዋ ላይ ሲንጀሯን ዘርግታ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ነሐሴ ሲመጣ የተማሪ ዩኒፎርም ውስጥ ትሰጥማለች። መርፌና እስፒል ደረቷ ላይ ሰክታ መዞር አመሏ ነው። ልትጠይቀኝ ወደ ሕንጻችን በመጣች ቁጥር መፈተሻዬ ደረቷ ጋ ስትደርስ ታብዳለች። "አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ልብሽን ትወጊዋለሽ" እላታለሁ። ፈገግ ብላ ታልፋለች። እኔ መቶ ቃል ስናገር እሷ አንድ ነው የምትናገረው። ለዚህ ይሆናል ይህን ሁሉ ዓመት የተስማማነው።

ባሏ ቀደም ብሎ ሞተባት፣ ልጅ አልነበራቸውም። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሙከሚል ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ መካከለኛዋ እህታቸው ፈሪዳ ደሴ ነው ያገባችው። እናታቸው እማማ ሩቅያ መጨረሻ ላይ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ሲውሉ ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ሳዲያ ናት። በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ "ደከመኝ" ስትል አልሰማሁም። እኔ ብሆን ግድግዳውን በጩኸት አፈርሰው ነበር።

እማማ ሩቅያ ደጋግመው የሚያወሩት አንድ ወሬ ነበራቸው። ልጅ በወለዱ ቁጥር እትብቱን እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ሲቀብሩ፣ ሲያገቡ ለመህር፣ ለጥሎሽ ማለት ነው፣ ከተሰጣቸው ጠገራ ብር አንዱን አብረው ይቀብሩ ነበር። ከማንም አልቀዱትም፤ የራሳቸው ፈሊጥ ነው። "ልጄ ባዶ መሬት ላይ አልተወለደም ለማለት ነው" ይሉን ነበር። ቦታውንም በጣታቸው ያሳያሉ፤ ሙከሚል ከትልቁ በር በስተቀኝ፣ ፈሪዳ ከቧንቧው አጠገብ፣ ሳዲያ ከጓዳው ደፍ ሥር። ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁለት ዓመት በፊት እማማ ሩቅያ አረፉ። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የባላቸው ዘመድ የሆነች አንዲት አሮጊት፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ "ይቺ ልጅ እንዴት አድርጋ አስታመመቻት እባካችሁ! ከሜዳ የተነሳች ልጅ እኮ ናት" አለች። ሳዲያ ከመጋረጃው ኋላ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ሰማች። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ለማንም አልተነፈሰችም። ለኔ የነገረችኝ ሰፈራችን ሊፈርስ ቀን የተቆረጠ ጊዜ ነው። ግማሹ ጎረቤት ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ማክሰኞ ዶዘር ይገባል ተብሏል። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሳዲያ ባዶው በረንዳ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

"ወይኒ፣ ያቺ የምትጮኸው ዕቃሽ አፈር ውስጥ ያለም ታገኛለች?" አለችኝ።

"ምን ጠፋብሽ ደግሞ?"

ያን ጊዜ ነው የለቅሶውን ነገር የነገረችኝ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "ከጓዳው ደፍ ሥር ብሩ ካለ የእማ ልጅ ነኝ። ከሌለ አይደለሁም። ዶዘሩ ሳይገባ ማወቅ አለብኝ።"

ደሜ ፈላ። ያቺን አሮጊት እዚያው ባገኛት የምላትን እኔ ነኝ የማውቀው። "ወንድምሽ እያለልሽ! አትጠይቂውም?" አልኳት።

"ሙኬ ለኔ ሲል ይዋሻል" አለች። "ብር አይዋሽም።"

በነጋታው ደጉ የሚባለውን የጥበቃ ኃላፊያችንን መፈተሻዋን ለእሁድ እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት።

"እሁድ ደግሞ ማንን ልትፈትሺ ነው?"

"መሬት።"

ግራ ገባው። ነገሩን ቆራርጬ ነገርኩት፣ የሳዲያን ምስጢር ግን ለራሴ ያዝኩ። "ወርቅ ካገኛችሁ እኩል ነው" አለኝ። "ወርቅ ባገኝ ሰኞ እዚህ በር ላይ ታየኛለህ?" አልኩት። ሳቀና አዲስ ባትሪ ከኪሱ ገዝቶ ሰጠኝ። ደጉ ጭቅጭቁ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም።

እሁድ ልደታ ማርያም አስቀድሼ ስመለስ ሳዲያ ዶማና አካፋ አዘጋጅታ ቆማለች። መፈተሻዋን ገና ስከፍታት ጮኸች። ወይ ጉድ! የሳዲያ መርፌ ነው። "በሕግ አምላክ፣ ያን ደረትሽን አራግፊ" አልኳት። መርፌዎቹን አውልቃ ሻሿ ላይ ሰካቻቸው፣ ሻሿንም ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ደግሞ የኔ ቀለበት አለ። ከዚያ መሬቱ ራሱ! የጭቃ ቤት ግቢ ማለት ሚስማር ነው፤ በተራመድን ቁጥር ትጮኻለች። ዕቃዋ ደግሞ ለሰው ገላ እንጂ ለመሬት አልተሠራችም፣ ከስንዝር በታች ያለውን አታውቅም። ስለዚህ እየቆፈርን አፈሩን በትሪ እያወጣን እንፈትሽ ተባባልን። ለሩብ ሰዓት ያህል ትሪ ሙሉ አፈር ሁሉ እየጮኸ አሳበደን። ለካ የሚጮኸው ትሪው ነው! ዘጠኝ ዓመት ብረት ስፈልግ የኖርኩ ሴት የቆርቆሮ ትሪ ስፈትሽ አረፈድኩ። ሳዲያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ ደስ ስላለኝ አልተቆጣሁም። የላስቲክ ሳፋ አምጥተን ቀጠልን።

ከቧንቧው አጠገብ ከፈሪዳ ቦታ ጀመርን፤ ሳዲያ ናት ከዚያ እንጀምር ያለችው። ልቧ እንደፈራ ገብቶኛል። ክንድ የሚያህል ስንቆፍር፣ ሳፋው ውስጥ ያለው አፈር ጮኸ። በጣቴ ስበትነው ጥቁር ክብ ነገር ወጣ። በቀሚሴ ጫፍ ስጠርገው ያቺ ደረተ ሙሉ ነጭ ሴትዮ ብቅ አለች። ማርትሬዛ ናት፣ ጠገራ ብር። እልል አልኩ። ሳዲያ ግን ፊቷ ነጣ። የእናቷ ወሬ እውነት ከሆነ፣ ከጓዳው ደፍ ሥር ብር ከታጣ ልጃቸው አይደለችም ማለት ነው።

"ይቅር ወይኒ" አለችኝ።

"ምኑ ነው የሚቀረው?"

"ባይኖርስ?"

"ባይኖር ማክሰኞ ዶዘሩ ይዞት ይሄዳል፣ አንቺ ግን ዕድሜ ልክሽን ስትቆፍሪ ትኖሪያለሽ። ዞር በይ!" ብዬ ዶማውን ተቀበልኳት።

እሷ ግድግዳው ጥግ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። እኔ እቆፍራለሁ። የደፉን ድንጋይ ፈነቀልኩ። አንድ ሳፋ፣ ምንም። ሁለተኛው ሳፋ ሚስማር። ሦስተኛው የምላጭ ስባሪ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። በውስጤም፣ እመብርሃን ትየኝ፣ "እመቤቴ፣ ከሌለም አንዱን ጣይልኝ" ብያለሁ። በአምስተኛው ሳፋ ላይ መፈተሻዋ ጮኸች፣ ረዥም አድርጋ። ጭቃ የበላው ጠገራ ብር እጄ ላይ ወደቀ።

ሳዲያ ከእጄ ነጥቃ ጭብጥ አደረገችው። ሳታየው፣ ሳታጥበው፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ "አልሃምዱሊላህ፣ እማዬ፣ እማዬ" እያለች እንደ ሕጻን አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት የተሸከመችውን እዚያ ደፍ ላይ አወረደች ብዬ ነው የማስበው።

ደስታው ሲበርድላት "የሙኬንም አውጥተን እንስጠው፣ ይደሰታል" አለች። ከትልቁ በር በስተቀኝ ቆፈርን። ምንም የለም። ወደ ግራ አሰፋን፣ ወደ ታች ወረድን፣ ጉድጓዱ ወገቤ ድረስ ሆነ። ምንም! ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ላቤን ስጠርግ ጋሽ ሙከሚል የቀረውን ዕቃ ሊጭኑ በአይሱዙ መጡ። ስድሳ ዓመታቸው ነው፣ ሸበት ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው።

"ምን ነካችሁ? ዶዘሩን ቀደማችሁት እንዴ?" አሉ።

ሳዲያ እንደዚያ ቀን ቀልዳ አታውቅም። "የፈሪዳ ብር ተገኘ፣ የኔም ተገኘ፣ ያንተ የለም!" አለቻቸው። "ከሜዳ የተነሳኸው ለካ አንተ ነህ!"

ጋሽ ሙከሚል ቃሏን ሲሰሙ ፈገግታቸው ለአፍታ ቆመ። ያን ወሬ እንደሰማችው ያን ጊዜ ገባቸው። ከዚያ መልሰው ሳቁ። "ድሮም ጠርጥሬ ነበር። ይሁን፣ እኔ ልሁን" አሉ። ወደ ጭብጧ እያዩም፣ "በይ አሁን እጠቢያት። ቀዳዳዋን ጭቃ ሞልቶት ይሆናል፣ በመርፌ አውጪው" አሉ።

ሳዲያ ጭብጧን ከፈተች። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ብሩ ድፍን ጭቃ ነው፤ ቀዳዳ የሚባል አይታይበትም። ከሻሿ ላይ መርፌ አውጥታ ከጠርዙ አጠገብ ጫር ጫር ስታደርገው ጭቃው ወደቀና በቀዳዳው ብርሃን ገባ።

"አላሳየሁህም" አለች ቀስ ብላ። "እንዴት አወቅህ?"

ጋሽ ሙከሚል ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ።

"ሙኬ፣ በእማ አፈር። አትዋሸኝ።"

የደፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ነኝ የቀበርኩት" አሉ። "ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ወሎ ረሃብ ነው፤ ካገር የተሰደደ ሰው እዚህ ግቢ ይጠጋ ነበር። እማ የቀሯትን ብሮች ሁሉ ሸጣ እህል ገዛችላቸው። ከመጡት አንዷ ልጅ እግር ነበረች። እዚህች ጓዳ ውስጥ ወለደችሽ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። እማ አቅፋሽ 'ይቺ የኔ ናት' አለች። እትብትሽን ስትቀብር ብር አልነበራትም፤ ለዚያ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። የኔን ላውጣላት? አልኳት። ካልከፋህ አለችኝ። ቆፍሬ አወጣሁት። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆንኩ ከአንገቷ ጌጥ ላይ ፈታ የቀበረችው ነው፣ ለዚህ ነው የተበሳው።"

 ሳዲያ ብሩን ታገላብጣለች።

"ስሟ ማን ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"ሳዲያ" አሉ። "እማ ስሟን ነው የሰጠችሽ።"

እኔ አልቻልኩም። "ብሩ ከተገኘ የእማ ልጅ ነኝ ብለሽ አልነበር?" ብዬ ጮኽኩባት፣ እንባዬ እየወረደ። "ይኸው ተገኘ! ማን ነው ከሜዳ የተነሳው? እዚህ ተወልደሽ፣ እትብትሽ እዚህ ተቀብሮ! ያቺ አሮጊት አሁን መጥታ ትስማ!" ሳዲያ ግን እኔን አልሰማችኝም፤ ወንድሟን ነው የምታየው።

"ከፋህ እንዴ ያኔ?" አለቻቸው።

"ትንሽ" አሉ ጋሽ ሙከሚል። "ስትስቂልኝ ረሳሁት።"

አጠገባቸው ሄዳ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አልተቃቀፉም፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ብቻ ተቀመጡ። የአይሱዙው ሹፌር ጥሩምባ ሲነፋ "ሰው ነው ወይስ ምንድን ነው ይሄ!" ብዬ እሱን ልቆጣ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የአዲሱን ቤት ወረቀት ሊፈርሙ እኛ ሕንጻ ላይ ወዳለ ጠበቃ ሁለቱም መጡ። ደጉ ምሳ ሄዶ ስለነበር የወንዶቹንም በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳዲያ ቆመችልኝ። መርፌው ላይ አሁን ጠገራውም ተጨምሯል፣ ዛሬስ ሕንጻውን ታስጮኸዋለች ብዬ መፈተሻዋን አሳለፍኩ። ዝም። መለስኩና ደረቷ ላይ አሳለፍኩ። ዝም።

"መርፌውስ?"

"ዛሬ ሥራ የለኝም።"

"ብሩስ?"

በአገጯ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። ጋሽ ሙከሚል እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። መፈተሻዋ ደረታቸው ጋ ስትደርስ ጮኸች። ከሸሚዛቸው ኮሌታ ሥር ጥቁር ክር ይታያል። የስድሳ ዓመት ሰው አፈሩ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

"እምቢ አልኳት" አሉኝ። "ራሷ አሰረችልኝ።"

"ሃምሳ አንድ ዓመት እኔ ጋ ኖረ" አለች ሳዲያ። "የቀረውን እሱ ጋ ይኑር።"

የሕንጻው ደንብ የሚለው፣ የጮኸበት ሰው አውልቆ ሳፋው ውስጥ ያስቀምጥና እንደገና ይፈተሽ ነው። ኋላቸው ሰው ተሰልፏል። "ይለፉ ጋሽ ሙከሚል" አልኳቸው።