ያልተራገፈ ጭነት

ያቺ የማሾ ነጋዴ ከምርጫው ማግስት ጀምሮ ጭነቷን ከአህያዋ ጀርባ ያወረደችበት ገበያ የለም። የአህያዋን ፊት ወደ መውጫው መንገድ አዙራ፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ ከነጭነቱ እየሰፈረች ትሸጣለች። ኮንጎ ጫማዋን እንኳ፣ ስትሮጥ እንዳይወልቅባት፣ ከቁርጭምጭሚቷ ጋር በጨርቅ ታስረዋለች።

ቲማቲም ሻጯ ፋናዬ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሆና፣ "እትዬ፣ አራግፈው አረፍ ይበሉ እንጂ" ስትላት፣ "ባለፈው ምርጫ አራግፌ አይቼዋለሁ፤ ግርግሩ ሲነሳ ማሾዬን ጥዬ ነው የሮጥኩት" ብላ መስፈሯን ትቀጥላለች።

ውጤቱ ከተነገረ ሰነበተ፤ የተፈራው ግርግርም አልደረሰም። ዛሬ ሴትዮዋ ጭነቷን አወረደች። አህያዋ አቧራው ላይ ተንከባለለች። እሷም ጫማዋን ፈትታ፣ ፋናዬ ጎን ቁጭ አለችና ቀና ብላ ማንጎውን አየችው።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች። "ለካ እዚህ ጥላ ነበር!"