ስለ ልጄ ኮድ ያጠፍኩት ቃል

ልጄ ላፕቶፗ ላይ የጻፈችው በቀይ ሲሞላ እኔ እልል አልኩ። ሟቹ ባሌ ደብተራ ነበርና በዳዊቱ ላይ የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ቀይ ጽሕፈት ሁሉ የከበረ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

«እማ፣ ኧረ ዝም በይ! ቀዩ እኮ ስህተት ነው» አለችኝ።

እልልታዬን አቋረጥኩ። ያን ቅዳሜ ቀጣሪዎቹ ለፈተና የሰጧትን ኮድ እስከ ስድስት ሰዓት ሠርታ ከላከች ከላሊበላ ሳትወጣ ኮድ የምትጽፍበት ሥራ ታገኛለች። ካልላከች ግን ፍላቂት ላለ ሰው ልድራት ለባሌ ወንድም ቃል ገብቻለሁ። እሳቸው ቄስ ናቸው፤ ቃሉንም የገባሁት መስቀላቸውን ስሜ ነው።

«ምኑ ነው እንቢ ያለሽ?» አልኳት።

«ዝርዝር ላይ ተራ በተራ እየሄደ አንድ በአንድ የሚያነሳ ነገር አለ። ውስጡ ስም የሌላት ትንሽ ትእዛዝ ይዟል። እሱን በሌላ ልተካው ስል ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን የሚመረምረው ማለቴ ነው፣ አይሆንም ይላል።»

«ሌላውስ ምን የተለየ ያዘ?»

«ምንም! ትእዛዟን ሁለት ቦታ ጻፍኳት፤ በፊደል አንድ ናቸው። እሱ ግን ለየብቻ የተወለዱ ናቸው፣ አንዷ በሌላዋ ቦታ አትገባም ባይ ነው።»

«እውነቱን ነዋ። አንድ ጸሐፊ ሁለት ዳዊት ቢገለብጥ አንድ መጽሐፍ ይሆናል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ከሱ ጋር ወገንሽ!» ብላ ሳትወድ ሳቀች።

ቄሱ ከሙጃ በጠዋት ተነስተው ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ኮዱ አሁንም እንቢ እንዳለ ነው፤ ልጄም አልደበቀቻቸውም።

«በይ እንግዲህ፣ የሰውየው ሽማግሌዎች እየጠበቁ ነው። ማሽኑም እንቢ ብሏታል» አሉኝ።

መሐላ ማፍረስ የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ፣ እንኳን በመስቀል የማልኩትን። ግን በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባ፣ ማሽኑ እንቢ ያለው አንድ መስመር ነው። እኔ ደግሞ እርስዎን ነው እንቢ የምል።»

«መስቀል ስመሽ?»

«አዎ፣ ስሜ። ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ንስሐውንም እኔው እጾማለሁ። እሷ ግን የትም አትሄድ።»

«ወንድሜ ቢኖር እንዲህ ባልደፈርሽ ነበር!»

«እሱ ቢኖር መቼ እርስዎ ይመጡ ነበር?»

ሳያሳልሙኝ ወጡ። እኔም አልለመንኳቸው።

ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መላው ተገለጠላት። ሁለቱን ትእዛዞች አንድ ዓይነት መያዣ ውስጥ ከታ፣ መያዣውን በመያዣ ተካችው፤ ኮዱም ሠራ። ሰዓቱ አልፎ ስለነበር ሥራው ለሌላ ሰው ሆነ።

«ሌላ ቦታ ልሞክር፣ እማ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሞክሪ እንጂ!»

ቄሱን ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይመታል። መንገድ ግን አልቀይርላቸውም።