እንቅልፍ ያስፈረደብኝ ቀን

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ፣ ከኮሶበር ወጣ ብሎ ባለ መንደር አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። አርጅቼም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

አማቴ ግማሽ ጎናቸውና አንደበታቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ማጉረሱ የእኔ ሆነ። ሌሊትም ሲያቃስቱ እነሣለሁ። ባሌ ማልዶ ወደ እርሻው ይወጣል። በዓል ሲሆን መንደሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያርፋል፤ የበሽተኛ ጨርቅ ግን በዓል አያውቅም። ዳንግላ ያለችው የባሌ እህት አልፎ አልፎ ስኳር ይዛ ትመጣና «እናቴን ደህና አድርገሽ ያዣት» ብላኝ ትመለሳለች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ ሲወርድ፣ የቀርቀሃ ቅርጫት የተሸከሙ አሮጊት ለመጠለል ወደ ቤታችን ገቡ። እኔ አማቴን አጥሚት ሳጠጣ እንደተቀመጥሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ ኖሯል፤ ኩባያው ከእጄ ወድቆ ተደፋ።

«ልጀ፣ ከተኛሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አሉኝ አሮጊቷ።

«እኔንጃ፣ እምየ።»

«በይ ጋደም በይ። ዝናቡ እስኪያባራ እኔ አለሁላቸው።»

ለይሉኝታም አቅም አልነበረኝ። ተኛሁ።

የነቃሁት በጩኸት ነው። የባሌ እህት ደጃፉ ላይ ቆማ «እናቴን ለመንገደኛ ጥላ ታንኮራፋለች!» ትላለች። አማቴ ንጹሕ ነበሩ፤ ጎናቸው ተገላብጦ፣ እጃቸውን አሮጊቷ ይዘውላቸው ነበር። ማን ይየው! ልጅቱ አሮጊቷን በዚያ ዝናብ አስወጣቻቸው። አማቴ «ተይ» ለማለት ሲታገሉ ምራቃቸው ብቻ ወረደ።

በማግሥቱ የባሌ እህት ከስሳኝ ሽማግሌ ተቀመጠ። ባሌ አንገቱን ደፋ። «ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ» ብለው ፈረዱ።

«ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚያሳርፈኝስ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሴት ልጅ በቤቷ ደከመኝ ትላለች እንዴ?» ብለው አንዱ ሽማግሌ ሣቁ። ሌሎቹም አጀቧቸው።

ድንጋዩን በጫንቃዬ ተሸክሜ፣ ተንበርክኬ፣ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ» አልኋት። «ይቅር ብያለሁ» አለችና ወደ ዳንግላዋ ሄደች። እናቷን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታገላብጥ!

አማቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ያችን እንቅልፍ አልጸጸትባትም፤ ሰው የሆንሁት በእሷ ነው። አሮጊቷን ግን ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ይህ ያንገበግበኛል። ዛሬ በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ «እግዜር ይማርሽ» ብዬ ብቻ አልመለስም። ነጠላዬን አስቀምጬ አስታማሚዋን «አንቺ ተኚ» እላታለሁ።

ድንጋዩስ? ዛሬ ቢሆን በማን እግር ላይ እንደምጥለው አውቃለሁ።